አምስተኛው ጥቅል

ከዚራ፣ ከኒሙ ሥር፣ ወበቁ ሲበርድ ማታ
አራት ሆነን እንቀመጣለን፤ አንድ አግዳሚ፣ የለመድነው ቦታ።
ሮብሌ ፍሬን ያዥ ነበር፣ በዚያኛው ባቡር ዘመን፤
አብዶሽ ጨርቅ ሲያሻግር ኖሯል፤ «ንግድ ነው» አለን፣ አመንን።
እትዬ ስንዱ ትኬት ቀዳጅ፤ ዛሬም ወረቀት ካየች
ለሁለት ትቀድና ግማሹን ትሰጥሃለች።
እኔ ግንብ ላይ ተንጠልጥዬ በነፃ ሳይ ያደግሁ ነኝ፤
እስከ ዛሬ የስሙኒ ዕዳ ስንዱ የምትጠይቀኝ።

ሲኒማችን ጣሪያ የለውም፤ ድሬ ላይ ማን ጣሪያ ይሻል?
ኖራ የተቀባ ግድግዳ፤ ከበላዩ ኮከብ ይታያል።
ሰይፍ ሲማዘዙ ጨረቃ ከመሐል ትገባለች፤
መርከብ ሲሰጥም፣ ከማዶ፣ ደቻቱ ደርቃ ተኝታለች።
ፊልሙ በጅቡቲ ዞሮ በባቡር ነበር የሚደርሰን፤
ሆሊውድም በፈረንሳይኛ አልቅሶ የሚያስለቅሰን።
ካውቦዩ ከፈረሱ ወርዶ፣ ሽጉጡን ከጎኑ መዞ
«ቦንዡር ሙሴ» ይለዋል ጠላቱን፣ ባርኔጣውን ይዞ።
«በለው!» ይላል ሕዝቡ በሶማልኛ፣ በኦሮምኛ፤
እሱ ግን እስኪሞት ጨዋ ነው፣ በፈረንሳይኛ።
ሮብሌ ዛሬም ይምላል፤ «የሆሊውድ ሰው አውቃለሁ፤
ከአዋሽ እስከ አፍደም ቦንዡር እያልኩ አውርቻለሁ።»

ከሁሉም ግን አንዷ አለች፤ ስሟን እንዳናውቀው
ፖስተሩን የመጋላ ፍየል ገና ሳይለጠፍ ሰለቀጠው።
ጥቁር ጓንት ያጠለቀች ሴት፤ ዝናብ፤ የሆቴል ደረጃ፤
በጭብጧ ቁልፍ፤ ላይኛው ፎቅ ላይ አንድ መብራት ብቻ።
ዝናቡ! አቤት ያ ዝናብ! እኛ በላብ የተጠመቅን
ግንቡን እያየን ብቻ ብርድ ብርድ አለንና ሳቅን።
አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አሳረፈች። ላይኛው መብራት ጠፋ።
አራተኛው ጥቅል አለቀ።
                    የኦፕሬተሩ ፊት ከፋ።
«አምስተኛው አይሻ ቀርቷል፤ በስህተት ከበግ ጋር ወርዶ፤
ነገ ይመጣል» አለን፣ በቀዳዳው በግማሽ ተጋርዶ።
ነገ መጣ፤ ጥቅል የለም። ከነገ ወዲያ፤ የለም።
አብዮት መጣ፤ ጦርነት መጣ፤ ጎርፍ መጣ፤
ጥቅል የለም።

ሃምሳ ዓመት እዚያው ቆማለች፤ አንድ እግሯ ከላይ፣ አንዱ ከታች፤
እኛ ከሥሯ አረጀን፤ እሷ አንዲት ሽበት አላወጣች።
ስንዱ፣ «ሞቷል» ትላለች፤ «አላያችሁም? ጓንቷ ጥቁር ነው።»
አብዶሽ፣ «በጥቁርና ነጭ ፊልም ምኑ ነው ጥቁር ያልሆነው?
በጓሮ መስኮት ሾልኮ ነው፤ እኔም የማደርገው ያንን ነው።»
«አምፖሉ ነው የተቃጠለው» ይላል ሮብሌ፤ «ነገር አታክብዱ።»
ያን ቀን ሻይዋን ሳትጨርስ አኩርፋ ሄደች ስንዱ።
እኔ «ወጥታ ታገኘዋለች» ባይ ነበርኩ፣ በልጅነቴ፤
ዝም ማለት የጀመርኩት
ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ትታ የሄደች ዕለት ሚስቴ።

ትናንት ሂቦ፣ የሮብሌ የልጅ ልጅ፣ «አገኘኋት!» ብላ መጣች፤
ስልኳን ከሻይ ብርጭቆ ላይ አስደግፋ አቆመች።
አራት ራስ ለአንድ መዳፍ። ሮብሌ በእንግሊዝኛ ስታወራ ሰምቶ
«ጉንፋን ይዟት ነው» አለን፣ ከልቡ አዝኖ፣ አንገት ደፍቶ።
ዝናቡ ያው ነው። ደረጃው ያው ነው። ላይኛው መብራት ጠፋ፤
ከዚህ ወዲያ አይተን አናውቅም፤ የስንዱ ዓይን ሰፋ።
ሴትየዋ ቁልፉን ደረጃው ላይ፣ ቀስ ብላ፣ አስቀመጠች፤
ጓንቷን ሳታወልቅ፣ ወደ ዝናቡ፣ ታክሲ ጠርታ ሄደች።

አለቀ።

ሦስቱም ወደ እኔ አላዩም። አንድ ባጃጅ ጮኾ አለፈ።
የኒም ፍሬ ብርጭቆው ውስጥ ጠብ አለ፣ ተንሳፈፈ።
አብዶሽ ነው በኋላ የተነሣ፣ ሽርጡን አራግፎ፤
«ይሄማ የሌላ ሰው ኮፒ ነው፤ ማን ያውቃል ስንቱን አልፎ?
የኛው ገና አይሻ ነው።»
                    ማንም አልተከራከረውም።
ስንዱ የስኳር ወረቀት ቀዳ «ነገ ማታ» እያለች አደለች፤
እኔ ጋ ስትደርስ እጇን ዘረጋች።
«ስሙኒዬስ?» አለች።